ማንም ሳይነካው የመታው ከበሮ

ጥር ነበር፣ የሠርግ ወር። ከሲኤምሲ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ አዳራሽ ጥግ ይዘን ኪቦርዱን፣ ሳክስፎኑንና የእኔን ፓድ ዘርግተናል። ፓዱ ላይ አራት ድምፅ ጭኛለሁ፦ የከበሮ ምት፣ ጭብጨባ፣ እልልታና አንድ የመሰንቆ ቁራጭ። መድረኩ ጠባብ ስለነበር ፓዱን ያስቀመጥኩት በኪራይ ከመጣው ሳውንድ ሲስተም ትልቁ የባስ ሳጥን ላይ ነው። ቁመቱ ለእጄ ልክ ስለሆነ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሙሽሮቹ ገቡ፣ ተበላ፣ ተጨፈረ። ከዚያ አንድ አዛውንት ለምርቃት ተነሡ። ማይኩን ከንፈራቸው ላይ ለጥፈው "በረከቱን" ብለው ሲጀምሩ የትንፋሻቸው ግፊት ማይኩ ውስጥ ገባ፤ ባሱ "ቡፍ" አለ፤ ሳጥኑ ተንቀጠቀጠ፤ ፓዴም የተመታ መስሎት ከበሮውን ለቀቀ። ከበሮው የወጣው በዚያው ባስ ስለሆነ ሳጥኑን እንደገና አንቀጠቀጠው፤ ፓዱም እንደገና ለቀቀ። ዱም። ዱም። ዱም። ማንም ሳይነካው። ከኋላ የተቀመጡት ምርቃቱ ያለቀ መስሏቸው እልል አሉ። አዛውንቱ ወደ እኛ ዞር ብለው፣ ምንም ሳይቆጡ፣ "ልጄ፣ ገና አልጨረስኩም" አሉኝ። ጃኩን ነቅዬ አንገቴን ደፋሁ።

ያን ቀን የሆነው እንዲህ ነው። በዱላ የሚመቱ ብዙ ፓዶችና ከበሮ ላይ የሚለጠፉ ትሪገሮች ውስጥ ፒየዞ የምትባል ስስ ክብ ሳህን አለች። ስትጫንም ስትንቀጠቀጥም ጥቂት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ ማሽኑም ያንን ኤሌክትሪክ ሲያይ ተመታሁ ይላል። ሲከፈት የሚዘፍን የልደት ካርድ ውስጥ ያለችውም እሷው ናት፤ እዚያ በተቃራኒው ኤሌክትሪክ ሲሰጧት ትጮኻለች። ፒየዞ የዱላን ምት ከባስ ንዝረት አትለይም። የሚለይላት ማሽኑ ውስጥ ያለ ትሬሾልድ የሚባል ቁጥር ነው፤ ከዚህ በታች የሆነውን ንቅናቄ እንዳልሰማህ እለፈው የሚል ትእዛዝ። የእኔ ቁጥር ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር። በጣት የሚጫኑት ትንንሽ ፓዶች ግን አብዛኞቹ የሚያነቡት ግፊትን ነው፤ ጣት እስኪያርፍባቸው ድረስ ከሥራቸው ባስ ቢያጓራም ዝም ይላሉ። የቦሌን የምሽት ቤቶች ጠባብ መድረክ ለሚያውቅ ሙዚቀኛ ይህ ልዩነት ከዋጋው በፊት የሚታይ ነው።

ትሪገር በእንግሊዝኛ የጠመንጃ ምላጭ ነው። ሥራውም ስሙን ይመስላል፦ ድምፁ አስቀድሞ ተቀርጾ ጎርሷል፣ ጣት ምላጩን ሲስብ ይተኮሳል። አንዳንድ ሰው ይህን ከፕሌይባክ ጋር አንድ ያደርገዋል። እኔ አላደርገውም። በፕሌይባክ ሙሉው ዘፈን ከላይ እስከ ታች ይሮጣል፣ ዘፋኙም ይከተላል፤ ዘፋኙ ቢያስነጥሰው ዘፈኑ አይጠብቀውም። በፓድ ግን እያንዳንዱ ድምፅ የሚወጣው አንድ ሰው አሁን ይውጣ ብሎ ሲወስን ነው። ሙሽራዋ ስትነሣ እልልታው አብሯት እንዲነሣ የሚያደርገው ዓይን የእኔ እንጂ የማሽኑ አይደለም። እርግጥ ነው፣ በአንድ ፓድ ላይ አራት ደቂቃ ዘፈን ጭኖ አንድ ጊዜ መትቶ እጁን አጣምሮ የሚቆም አለ። እሱ ያው ፕሌይባክ ነው፣ ዱላ ይዞ መቆሙ ብቻ ልዩነቱ።

ዛሬ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከሃያ ሁለት እስከ ሰሚት ባሉ ልምምድ ቤቶች ይህን ዕቃ የሚፈልግ ወጣት ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሮፍናን ኑሪ በ2010 ዓ.ም. "ነጸብራቅ"ን ሲያወጣ የባህል ድምፅና የኤሌክትሮኒክ ምት በአንድ አልበም ውስጥ ተጋብተው ሕዝብ ዘንድ ደረሱ። ከእሱ ቀደም ብለው እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የአዲስ አበባን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በውጭ አገር አድማጭ ዘንድ አስተዋውቀው ነበር። ይህን ሰምቶ ያደገ ልጅ ክራር በማይገኝበት ምሽት ክራር እንዲሰማ፣ ስድስት ከበሮ መቺ መቅጠር በማይቻልበት መድረክ ስድስት ከበሮ እንዲመታ ይፈልጋል። ችግሩ ዋጋው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። በ500 ዶላር የሚሸጥ ማሽን በባንክ ሒሳብ ብቻ ከ28,500 ብር ተነሥቶ ከ50,000 በላይ ሆነ፤ ማመላለሻውና ቀረጡ ሳይታሰብ። ስለዚህ "የትኛው ይሻላል?" ብሎ መጠየቅ ቀርቶ "ስንት ድምፅ ነው የሚያስፈልገኝ?" ብሎ መጀመር ግድ ሆኗል።

ይህን ጥያቄ ለራሴ የመለስኩት በደብተር ነው። በአንድ ምሽት የምንጫወታቸውን ዘፈኖች በሙሉ ጽፌ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ኪቦርዱና ሳክስፎኑ ሊያወጡት የማይችሉትን ድምፅ ብቻ መዘገብኩ። ስጀምር ለሠላሳ ዘፈን መቶ ድምፅ የሚያስፈልገኝ ይመስለኝ ነበር። ስጨርስ አሥራ አንድ ሆነ። ከአሥራ አንዱ አራቱን ሁልጊዜ እመታቸዋለሁ፤ ሰባቱ በየምሽቱ አንድ ጊዜ ብቅ ብለው የሚጠፉ ናቸው። ለአሥራ አንድ ድምፅ የሚበቃ ዕቃና ለመቶ ድምፅ የሚበቃ ዕቃ በዋጋ ብዙ እጥፍ ይራራቃሉ።

የድምፅ ማነስ የሙዚቃ ማነስ እንዳልሆነ ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስፒ 1200 የሚባለው ማሽን በጠቅላላ የሚይዘው አሥር ሰከንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የኒውዮርክ ሂፕሆፕ ወርቃማ ዘመኑን የሠራው በዚያ አሥር ሰከንድ ነው። በዓመቱ ሮጀር ሊን ለአካይ ኩባንያ የሠራው ኤምፒሲ 60 መጣ፤ አራት በአራት የተደረደሩ አሥራ ስድስት የጣት ፓዶች። ዛሬ ርካሹም ውዱም የሚቀዳው ያንን አራት በአራት ነው።

አሁን ወደ ገበያው። ከዚያ በፊት ግን ቤታችሁ ያለውን ኪቦርድ ተመልከቱ። ከ1980ዎቹ ወዲህ የአዲስ አበባ የምሽት ሙዚቃ በአመዛኙ የኖረው በኪቦርድ ነው፤ ሙሉ ባንድ ሲወደድ አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ ቤቱን ይዘዋል። ከእነዚያ ኪቦርዶች ብዙዎቹ የያማሃ ፒኤስአር ቤተሰብ ናቸው፤ በፊታቸው ላይ ደግሞ መልቲ ፓድ የተባሉ አራት ቁልፎች አሉ። ብዙ ተጫዋች ለዓመታት አብሯቸው ኖሮ አንድ ቀን አልነካቸውም። በአንዳንዶቹ ሞዴሎች እነዚህ ቁልፎች የራሳችሁን ዋቭ ፋይል ያጫውታሉ። የኮርግ ፒኤ ቤተሰብ ካላችሁም ብዙዎቹ የራስን ናሙና ድምፅ ይቀበላሉ። አራት ድምፅ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ጽሑፍ እዚህ ጋ ሊያበቃለት ይችላል፤ ገንዘቡን ለጫማ ያውለው።

ቀጥሎ ያለው ርካሽ መንገድ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ኮዋላ ሳምፕለር የሚባለው መተግበሪያ በአይፎንም በአንድሮይድም ይሠራል፤ ዋጋው ከአንድ ጥሩ ምሳ አይበልጥም፤ በስልኩ ማይክ ቀድቶ ወዲያው ፓድ ላይ ያስቀምጣል። ለልምምድና ሐሳብ ለመያዝ ከእሱ የሚሻል አላየሁም። ለመድረክ ግን ሦስት ነገር ይጠብቃችኋል። አንደኛው መስታወት ነው፤ መስታወት ላይ ጣት በኃይል ሲመታና ዝም ብሎ ሲነካ ልዩነቱ አይሰማም። ሁለተኛው መዘግየት ነው፤ አይፎኖች በአብዛኛው ፈጣኖች ናቸው፣ አንድሮይዶች ግን ከሞዴል ሞዴል ይለያያሉ። ሦስተኛውን ለማወቅ የደረሰበትን መጠየቅ ነው፦ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ሳያደርግ ከሚክሰሩ ጋር ያገናኘ ሰው፣ የእናቱን ጥሪ ሁለት መቶ ሰው እንደሰማለት።

ስለ መዘግየት ትንሽ ልቆይ፤ ርካሽ ዕቃ የሚታማው በዚህ ነውና። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድምፅ ይዘገያል የሚል ሰው ገጥሞኛል። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ የአየሩ መሳሳት አይደለም።) ስለዚህ ከሞኒተሩ አራት ሜትር ርቆ የቆመ ሙዚቀኛ ድምፁን የሚሰማው 12 ሺኛ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ ማንም በዚህ ሲያማርር አልሰማሁም። ኮምፒውተር ደግሞ ድምፅን በጥቂት በጥቂቱ ቋት ውስጥ እያጠራቀመ ነው የሚያወጣው። ቋቱ 256 ናሙና ከሆነ በሰከንድ በ44,100 ናሙና ፍጥነት ወደ 6 ሺኛ ሰከንድ ይወስዳል፤ 1,024 ከሆነ ወደ 23። የመጀመሪያው ከሞኒተር ሁለት ሜትር እንደመራቅ ነው። ሁለተኛው ግን ለከበሮ መቺ ጭቃ ውስጥ እንደመራመድ ነው። በዊንዶውስ የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው አሲዮ ፎር ኦል የተባለውን ነፃ ድራይቨር ጭኖ ቋቱን ዝቅ ያድርግ። ብሉቱዝ ስፒከር ወይም ብሉቱዝ ማዳመጫ ግን ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይሆንም፤ መዘግየቱ ብዙውን ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ነው።

ላፕቶፕ ላለው ሰው የጣት ፓድ በዋጋ አይመታም። የኮርግ ናኖፓድ 2፣ የአካይ ኤልፒዲ 8 እና ኤምፒዲ 218 ውጭ አገር በርካሽ ይገኛሉ። ኤምፒዲው አሥራ ስድስት ሰፋፊ ፓዶች አሉት፣ ኤብልተን ላይቭ ከሚባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ቀላል ቅጂ ጋርም ይሸጣል። የኖቬሽን ላንችፓድ ስልሳ አራት ቁልፍ ዘርግቶ በብርሃን ያሸበርቃል፤ ለክለብ ዓይን ይማርካል። እነዚህ ግን በራሳቸው ምንም ድምፅ የላቸውም። ባዶ ጠመንጃ ናቸው፤ ጥይቱ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ነው ከተማችን የራሷን ሕግ የምታወጣው።

መብራት ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በፈረቃ ነበር፤ አሁን ሳይነግረን ይሄዳል። ቦሌ ያለ ደህና ቤት ጄኔሬተር አለው፤ ግን መብራቱ ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያለው ጊዜ ለሙዚቀኛ ረጅም ነው። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ይቆያል፤ ከላፕቶፑ ጋር የተያያዘው ሳውንድ ካርድ ከግድግዳ የሚበላ ከሆነ ግን ይሞታል፤ መብራቱ ሲመለስ ፕሮግራሙ ካርዱን አላውቀውም ይላል። ዘፋኙ መድረክ ላይ ቆሞ እናንተ የመዳፊት ቀስት ስታሳድዱ የሚያልፈውን ደቂቃ አልመኝላችሁም። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ በዚህ ከተማ ርካሽ ማለት በራሱ እግር የሚቆም፣ ከተቻለም በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ማሽን ነው።

ስለ ባትሪ ካነሣሁ ኃይሉ መርጊያን ሳልጠራ አላልፍም። በሒልተን ሆቴል ከዋልያስ ባንድ ጋር ይጫወት የነበረው ኃይሉ፣ ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሲሄድ እዚያው ቀረ። በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘሮች ጋር አዋሕዶ ብቻውን እንደ ባንድ የተጫወተበትን ካሴት ሠራ። ከዚያ ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ በታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ግን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ነበረው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ዳግም ታትሞ ሰውየውን ወደ ዓለም መድረክ መለሰው። ያ ኪቦርድ የመብራት መስመር ቢፈልግ ኖሮ እጁ ምን ያህል ይዝግ እንደነበር አስቡት።

በባትሪ ከሚሠሩት ውስጥ ትንሿ የቲኔጅ ኢንጂነሪንግ ፒኦ 33 ናት፤ ካልኩሌተር ታክላለች፣ በሁለት ቀጫጭን ባትሪ ትሠራለች፣ አርባ ሰከንድ ድምፅ ትይዛለች። ለመድረክ አሻንጉሊት ትመስላለች፤ ግን ከኤስፒ 1200 አራት እጥፍ ትይዛለች። የዚያው ኩባንያ ኢፒ 133 በ2023 እ.ኤ.አ. በ299 ዶላር ወጣ፤ በአራት ባትሪ ይሠራል፣ ሲወጣ የነበረው ማኅደር 64 ሜጋባይት ነው። የዋቭ ፋይል በስቴሪዮ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ስለሚበላ ይህ ስድስት ደቂቃ ያህል መሆኑ ነው፤ በሞኖ ከጫኑት እጥፍ። ሞኖ አያስከፋችሁ፤ ብዙ አዳራሾች ሲስተማቸውን የሚያገናኙት በሞኖ ነው፣ ግራና ቀኝ የሚንሸራሸረው ድምፃችሁን የሚሰማው የለም። ከዚህ ከፍ ሲል የሮላንድ ኤስፒ 404 ማርክ 2 አለ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በ500 ዶላር ገደማ የወጣ፣ አሥራ ሰባት ፓድ፣ 16 ጊጋባይት ማኅደር። በስድስት መደበኛ ባትሪ ወይም በፓወር ባንክ ይሠራል። ከአንድ ማሽን ጋር ለዓመታት ለመኖር ለሚያስብ ሰው እኔ የምመክረው ይህን ነው።

በዱላ ለሚመታ ሰው ነገሩ ይለያል። የሮላንድ ኤስፒዲ ኤስኤክስ ዘጠኝ ፓድ አለው፣ ጠንካራ ነው፤ ግን ባትሪ አይቀበልም፣ ዋጋውም ለጀማሪ አይቀመስም። አሌሲስ ሳምፕልፓድ ባለአራትና ሳምፕልፓድ ፕሮ ባለስምንት የእሱ ድሃ ዘመዶች ናቸው፤ ድምፅ ከካርድ ይጭናሉ፣ ዱላ ይችላሉ። ውዱን ከርካሹ በትክክል የሚለየው የፓዱ ብዛት ሳይሆን የመውጫ ጃኩ ብዛት ነው። ከበሮ መቺ በጆሮው ጊዜ የሚቆጥርለትን ክሊክ መስማት ከፈለገና ክሊኩ ለሕዝብ እንዳይሰማ ከፈለገ ሁለት የተለያየ መውጫ ያስፈልገዋል። ኤስፒዲው አለው፤ ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። መላው ግን ቀላል ነው፦ ድምፁን በሙሉ ወደ ግራ፣ ክሊኩን በሙሉ ወደ ቀኝ አድርጋችሁ ቅረጹ፤ ግራውን ጃክ ለሚክሰሩ፣ ቀኙን ለጆሯችሁ ስጡ። ሞኖ ሆናችሁ ቀራችሁ፤ አዳራሹም ሞኖ ነው ብለናል።

ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ፣ ብዙ ሰው የሚገዛው በቴሌግራም ነውና፣ የካርዱን ቀዳዳ እዩ። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮላንድ ኤስፒዲ ኤስና የመጀመሪያው ኤስፒ 404 የሚበሉት ኮምፓክት ፍላሽ የተባለውን ሰፊ ካርድ ነው፤ ማሽኑ ደህና ሆኖ ካርዱ ሲበላሽ መተኪያ ፍለጋ ከተማውን ትዞራላችሁ። እያንዳንዱን ፓድ በቀስታም በኃይልም ምቱት፤ በቀስታ ሲመታ ዝም የሚል ፓድ የደከመ ነው። የኃይል መሰኪያውን ጣታችሁን አስደግፋችሁ ወዝወዝ አድርጉት፤ ማሽኑ ከጠፋ ተሰናበቱት። ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ የመጣ ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩን ገልብጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ። 100-240 ካለ ሰላም ነው። 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 በመጀመሪያው ሰከንድ ያቃጥለዋል፤ አንዳንዴም ማሽኑን ይዞ ይሄዳል። ቦሌ ኤርፖርት ስንቱን ጤነኛ አዳፕተር ለሞት እንዳስገባ ያስገባው ያውቀዋል።

ማሽኑ ተገዛ እንበል። አሁን የሚመጣው ችግር ሻጩ የማያውቀው ነው፤ ማሽኑ አማርኛ አይችልም። እነዚህ ሳጥኖች የተሠሩት ጊዜን በአሥራ ስድስት ቤት፣ አራት በአራት አድርገው ለሚቆጥሩ ሰዎች ነው። የእኛ ችክችካ በስድስት ስምንተኛ፣ በሦስት በሦስት የሚሄድ ነው። አሥራ ስድስት ቤት ውስጥ ሲያስገቡት ወይ ይንገዳገዳል ወይ ወታደራዊ ሰልፍ ይሆናል። ስለዚህ ምት ደጋግሞ የሚያጫውት ማሽን የምትፈልጉ ከሆነ፣ የቤቱን ቁጥር ወደ አሥራ ሁለት ማድረግ ወይም ትሪፕሌት መምረጥ እንደሚቻል ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። ሲቻል እንኳ ኳንታይዝ የሚባለውን ማስተካከያ ጠንቀቅ በሉት። ጣታችሁ ትንሽ ዘግይቶ ያሳረፈውን ምት ወደ ቅርቡ ቤት ይጎትተዋል፤ እስክስታ የሚወርድ ትከሻ ደግሞ የሚኖረው በዚያች መዘግየት ውስጥ ነው። እኔ ከበሮን በሉፕ አላስኬድም። አንዷን ምት ጭኜ በእጄ እመታታለሁ፤ ማሽኑ ድምፁን ይያዝልኝ፣ ጊዜውን እኔ እይዛለሁ።

ሁለተኛው አማርኛ አለመቻሉ በቅኝት ነው። ዘፋኝ አንድ ምሽት ድምፁ ሲደክም "ግማሽ ዝቅ አድርግልኝ" ይላል፤ ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ ተጭኖ ይቀጥላል። ፓዱ ላይ ያለው መሰንቆ ግን ትናንት በተቀረጸበት ይቆማል። ውጤቱን የሰማ ሰው ሁለት ባንድ በአንድ ጊዜ የሚጫወት ይመስለዋል። ድምፅን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ማሽኖች አሉ፤ ብዙ ሲጎተት ግን መሰንቆው ትንኝ ይሆናል። ለዚህ ነው ርካሽ ፓድ ላይ ቅኝት የሌለው ድምፅ ብቻ ጫኑ የምለው፦ ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ እልልታ። ትዝታም ተጫወቱ፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም፣ ጭብጨባ ከሁሉም ጋር ይስማማል። ቅኝት ያለው ሁሉ ኪቦርዱ ላይ ይቅር።

ድምፁን ከየት ታገኛላችሁ? ቅረጹት። የእኔን እልልታ የቀረጽነው አክስቴ ቤት ነው፤ አራት ሴቶች ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ፣ ወለሉ ላይ ጋቢ፣ ስልኩ መሃል ላይ። ከኢንተርኔት ካወረድኳቸው ሁሉ ይሻላል፣ ምክንያቱም አክስቴ እልል የምትለው ለማሽን ሳይሆን ለሰው ነበር፤ የጎረቤት ልጅ አግብታ ነበር የመጣነው። ስትቀርጹ ማይኩን ለከበሮው ትልቁም ትንሹም ፊት ለየብቻ አቅርቡ፤ ሁለት ድምፅ ናቸው። ስታስቀምጡ ዋቭ አድርጉት። ኤምፒ 3 ፋይል በራሱና በጭራው ላይ ቅንጣት ዝምታ ስለሚጨምር ተደጋጋሚ ሉፕ ላይ ያነክሳል፤ ከመጀመሪያው ያለውንም ባዶ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ብዙ ሰው ማሽኑ ዘገየ የሚለው ፋይሉ ራሱ ዘግይቶ ስለሚጀምር ነው።

ከድሮ ሸክላ ቆርጦ መውሰድ ይቻላል ወይ ለሚለኝ፣ በእጅ ይቻላል፣ በሕግ ፈቃድ ይፈልጋል። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 እ.ኤ.አ. ከሙላቱ አስታጥቄ "የግሌ ትዝታ" ናሙና ወስደው ሲሠሩ ዓለም ሰማው፤ እኛም ዘንድ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ደግሞ ሕግ የማይጽፈው አለ። ጸናጽልና የማኅሌት ከበሮ ጥሩ ይሰማል ተብሎ ሌሊት ሰባት ሰዓት ቢራ በሚቀዳበት ቤት አይተኮስም። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ የማይስማማ ይኖራል።

ከተረፋችሁ ገንዘብ መጀመሪያ የምትገዙት ሁለተኛ ፓድ አይሁን። ሁለት ጥሩ ጃክ ኬብል፣ አንድ ዲአይ ቦክስ፣ የራሱ ማቆሚያ። ከመድረክ እስከ ሚክሰር ሃያ ሜትር የሚሄድ ተራ ጃክ የጄኔሬተሩን ጉርምርምታ ሁሉ እየለቀመ ያመጣል፤ ዲአይው ይህን ያፀዳዋል። ማቆሚያው ለምን እንደሚያስፈልግ አዛውንቱ ነግረውኛል።

ፓዴ ዛሬ ከባሱ ሳጥን ሦስት ሜትር ርቆ በራሱ ብረት ላይ ይቆማል፤ ከሥሩ የታጠፈ ስፖንጅ አለ፤ ትሬሾልዱን በየአዳራሹ ሙዚቃ ከመጀመሩ በፊት ባሱን እያስጮኽኩ አስተካክላለሁ። እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት የሚስማማችሁን ማሽን ካለው ሰው ለአንድ ቅዳሜ ተዋሱትና አብራችሁት አምሹ። እኔን ከጠየቃችሁኝ በዐቢይ ጾም ኑ፤ ጥር ላይ አላውስም።